የተሰረቀው መኪናው አይደለም

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኛችሁ ነዋሪዎች ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ የተነሣነው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ለመናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ «መካነ ብርሃን ላይ ባጃጅስ እንደ ልብ መቼ ተገኘና!» እንደምትሉ እናውቃለን። ሆኖም ነገሩ ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ እኛም የኮሚቴው አባላት በዚሁ ሰበብ አንድ ሰው በድለን ስለ ተገኘን፣ በይፋ መናገር ግድ ሆነብን።

እንደምታስታውሱት መንገዱ ደኅና በነበረበት ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ ለአባቱ ተዝካር በኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ከደባርቅ ወዲህ ያለው ዳገት ባትሪውን ክፉኛ በልቶበት ነበር። ይህ ዓይነቱ መኪና ቁልቁለት ላይ ሲይዙት የተወሰነውን ኃይል መልሶ ይሞላልና፣ እንደ ምንም ደረሰ። የእናቱ በር ጠባብ ስለሆነ መኪናውን ከአጥር ውጭ አቆመ። ከቤት በማራዘሚያ ገመድ መብራት አውጥቶ፣ የመኪናውን መሙያ ከማራዘሚያው ላይ ሰካና ወደ ድንኳኑ ገባ። ዘበኛችንንም «አደራ፣ መኪናዋን» አላቸው።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ሲነጋ መኪናው እንደ ቆመ አለ፤ መስታወቱ አልተሰበረም፣ ጎማው አልተነካም። መሙያው ግን ከነሣጥኑ የለም።

ዘበኛው ሲጠየቁ «መኪናዋን ጠብቅ ተባልሁ፤ መኪናዋ ይቻትና» ነበር ያሉት። እኛ ደግሞ ይህን እንደ ቀልድ ቆጥረን ተቆጣን። ቸልተኛ ናቸው ብለን በቃለ ጉባኤ አስፍረን፣ ከደመወዛቸው በየወሩ 300 ብር ለ3 ወር ቆረጥን።

ልጁ 6 ቀን ተቀመጠ። አንድ ጎበዝ «ሽቦውን ከመብራቱ ጋር በቀጥታ እናገናኝለት» ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ እንኳንም ተከለከለ። መሙያው ተራ ገመድ አይደለም። በመካከሉ ያለችው ሣጥን ከመኪናው ጋር ትነጋገራለች፤ እርስዋ ካልፈቀደች መኪናው መብራት አይቀበልም። ሽቦውን በእጁ የያዘው ሰው ግን ሊቀበል ይችላል፣ እሱንም ለመቅበር ሌላ ድንኳን ሊያስፈልግ ነው። በመጨረሻ ሌላ መሙያ በሰው በሰው ከአዲስ አበባ ተላከለትና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው እኛ መጠየቅና ማንበብ የጀመርነው። ቀድመን ብናደርገው መልካም ነበር።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና «አይሰረቅም» የሚባለው ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መረጃ የሚሰበስቡበት አንድ ተቋም አለ። የተሰረቁ መኪናዎችን ሲያነጻጽር እንደ ቴስላ ሞዴል 3 ያሉት ከሁሉ ያነሰ ከተሰረቁት ጋር ተመድበዋል። ምክንያቱም መኪናው የት እንዳለ በስልክ መረብ ለባለቤቱ ይነግራል፤ ማታ ማታም አብዛኛውን ጊዜ ለመሙላት ሲባል ቤት ውስጥ ያድራል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ እኛ ጋ ሁለቱም የሉም። ወደ አገራችን ከሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸውና ከስልክ ጋር የሚገናኙበት አገልግሎት እዚህ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ቢሠራም ከተራራው ሥር ኔትወርክ ፈልጎ ማግኘት ነው። ማደሪያውም እንዳያችሁት ከአጥር ውጭ ሆነ።

በውጭ አገር ቁልፍ ሳይነኩ የሚሰርቁም አሉ። አንደኛው ሌባ ከመኪናው አጠገብ፣ ሁለተኛው ቁልፉ ካለበት ቤት ግድግዳ አጠገብ ይቆማል። በያዙት መሣሪያ የቁልፉን ሞገድ ተቀባብለው መኪናውን ከፍተው ያስነሡታል። በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. ቤልጅግ አገር ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የቴስላ ሞዴል ኤስን ቁልፍ በሴኮንዶች ውስጥ መቅዳት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ኩባንያውም ቁልፉን አሻሽሏል። ይህ ግን ያለ ቁልፍ በሚነሣ የቤንዚን መኪናም ይደርሳል። ለኛ ሰፈር ሌባ ደግሞ፣ ይቅር በሉንና፣ ገና ነው።

የኛ ሌባ የሚያውቀው መዳብን ነው። በዚህስ ከፈረንጁ አያንስም። በአሜሪካ የመሙያ ጣቢያዎች ያሉት አንድ ትልቅ ድርጅት በፈረንጆች 2024 ዓ.ም. እስከ ግንቦት ወር ብቻ 129 ገመድ ተቆርጦበታል፤ ይህም በ2023 ዓመቱን ሙሉ ከተቆረጠበት በ4 ይበልጣል። ሌባው ከአንዱ ገመድ መዳብ የሚያገኘው ጥቂት ዶላር ነው። ባለቤቱን የሚያስወጣው ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። እኛ ዘንድም ያ መሙያ ለወሰደው ሰው ምን እንደ ጠቀመው እንጃ፤ ለልጁ ግን መኪናው ያለሱ የቆመ ቆርቆሮ ሆነበት።

ሁለተኛው የሚታወቀው ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ከመኪናው ሆድ ሥር የተሰካ፣ ብዙ ኩንታል የሚመዝን ስለሆነ በሌሊት ተሸክሞት የሚሄድ የለም። ነገር ግን በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ እንደ ሌላው መኪና ሁሉ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አለች። በሩን የምትከፍተው፣ መኪናውን የምትቀሰቅሰው እርስዋ ናት። ለሶላር መብራት ስለምትሆን ገዢ አታጣም። እርስዋ ከሄደች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። መሙያው ሲሰካ በመኪናው በኩል ያለው ጫፍ ይቆለፋል፤ ስለዚህ ልጁ ተማምኖ ገባ። የገባንን እንናገር ካልን ግን፣ አንዳንዱ መኪና መሙላቱ ሲቋረጥ ቁልፉን ይለቃል። በማራዘሚያው በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቁልፍ አልነበረውም። መብራት ሲጠፋ ሽቦው የማይነዝር፣ መንደሩም ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ዘበኛው በዚያን ሰዓት ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቀናል፦ በድንኳኑ በኩል ሰው ሲተራመስ ባትሪ ይዘው ወደዚያ ሄደው ነበር። እኛም ብንሆን ወደዚያው ነው የምንሄደው። መሙያ የሚባል ነገር መኖሩን፣ ዋጋውንም፣ የነገራቸው ማንም አልነበረም።

ስለዚህ ያስተላለፍነው ውሳኔ ስሕተት ነበር። ቃለ ጉባኤው ተሰርዟል። የተቆረጠው 900 ብር ይመለስላቸዋል፤ ወጪውንም ኮሚቴው ከኪሱ አዋጥቶ ይከፍላል እንጂ ከማኅበሩ ሣጥን አይነካም። በዚህ ላይ ከአባላቱ አንዱ ተቃውሞ «ማኅበሩ ነው የወሰነው» ብሎ ነበር። እኛ ግን የወሰንነው አምስት ሆነን ማታ በችኮላ ስለሆነ፣ ዕዳውም የአምስታችን ነው ብለናል።

ነገሩ በዚያ አንድ መኪና የሚያበቃም አይመስለንም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ ከአዲስ አበባና ከጎንደር የሚመጣ ዘመድ ወደፊት በምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። እንግዳ የምታስተናግዱ ሁሉ መኪናውን ግቢ ማስገባት ካልቻላችሁ መሙያውን ቀን ስኩ፣ ማታ ንቀሉና ቤት አሳድሩት። መብራት ሲጠፋ ቶሎ ወጥታችሁ ሰብስቡት። የግድ ሌሊት መሞላት ካለበት ለዘበኛው ምን እንደሚጠብቁ በእጃችሁ እያሳያችሁ ንገሩ፤ «አደራ መኪናዋን» ብቻ አይበቃም። ማራዘሚያውም ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲግል አድሮ ሌባ ያልወሰደውን ቤት እሳት ይወስደዋል።

መሙያው «በርካሽ የሚሸጥ ገመድ» ተብሎ ቢቀርብላችሁ አትግዙ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛም የደበቀም ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይጠየቃል። በመካከሉ የእጅ መዳፍ የምታህል ሣጥን ያለችበት ወፍራም ገመድ ነው። ያየ ሰው ስሙን ሳይገልጽ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሊነግር፣ የወሰደውም ሰው ከእናቲቱ ደጅ ሊያስቀምጠው ይችላል። ማን አመጣው ብለን አንጠይቅም።

የዘበኛችን ገንዘብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በተቆረጠበት ቦታ፣ በሰው ፊት ይሰጣቸዋል። የቻላችሁ ተገኙ።