ዳግም ንድፍ፦ አሮጌዋን መንኮራኩር ማደስ

የዛሬው ርዕሳችን ዳግም ንድፍ ነው። ዝነኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ከብዙ ዓመት በኋላ ቀጣይ ክፍል ሲሠራለት፣ አልባሳቱና መንኮራኩሮቹ እንዴት ይታደሳሉ?

እስቲ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አስቡ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ አንድ ፈረሰኛ ብቅ ይላል። የፈረሱ ጌጥ ዘንድሮ አዲስ ነው፤ ቀለሙም ደምቋል። ሆኖም ከሩቅ ያየው ሁሉ፣ «የአገው ፈረሰኛ መጣ!» ይላል። ለምን? ጠቅላላ ቅርጹ አልተለወጠማ! ዳግም ንድፍም እንዲሁ ነው። ቅርጹን ይጠብቃል፤ ዝርዝሩን ያድሳል።

አሁን «ስታር ዋርስ» ወደተባለው ፊልም እንሂድ። የመጀመሪያው በ1977 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ክፍል ኤክስ ዊንግ የተባለችው ተዋጊ መንኮራኩር ታድሳ መጣች። ክንፎቿ ሲከፈቱ ዛሬም የመስቀለኛ ቅርጽ ይሠራሉ። ሞተሮቿ ግን ተለውጠዋል። ድሮ ክብ ነበሩ፤ አሁን ግማሽ ክብ ናቸው፤ ክንፉ ሲዘጋ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ታዲያ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ሠዓሊው ራልፍ ማክኳሪ ለመጀመሪያው ፊልም ከሣላቸው የቆዩ ንድፎች ነው! እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ አዲሱን ፍለጋ የሄዱት ወደ አሮጌው ወረቀት ነበር።

ልብሱስ? በፊልሙ ውስጥ ያሉት ነጭ ለባሽ ወታደሮች የራስ ቁር ነጭና ጥቁር እንደሆነ ቀጠለ፤ መስመሮቹ ግን ቀለል አሉ።