የተላከው ስንት ነው? የደረሰውስ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ዛሬ የማነሣው ስለ እርዳታና ስለ ሙስና ነው። ለበዓል ቀን የሚመች ወሬ አይደለም። ነገር ግን ለችግረኛ የተላከ ሲሰረቅ ዕዳውን የሚከፍለው ሌባው ሳይሆን ችግረኛው ነው። ይህንንም በሀገራችን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እጅ መግባቱ ሲታወቅ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ዩኤስኤይድ መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በመላ ሀገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ሥርጭቱ በሰፊው የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ወራት ጦሙን ያደረው እህሉን የሸጠው ሰው አልነበረም። ዩኤስኤይድ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። እርዳታው ባነሰ ቁጥር የሚባክነው ይበልጥ ያማል።

ታዲያ ምን ይበጃል? የኡጋንዳን ምሳሌ ልጥቀስ። ለጋሾች በሚደግፉት በጀት መንግሥት በተማሪ ቁጥር እያሰላ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይመድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 የነበረው ሒሳብ በ250 ትምህርት ቤቶች ሲመረመር፣ በአማካይ ከመቶ 13 ብቻ መድረሱ ታወቀ። የቀረው በአካባቢ ሹማምንት እጅ ቀልጦ ነበር። ወላጁም ሆነ መምህሩ የተላከውን ስለማያውቅ ጠያቂ አልነበረም። በኋላ መንግሥት የላከውን በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳ እንዲለጥፉ ታዘዙ። ሌላው የሒሳብ ቁጥጥርም አብሮ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው በአማካይ ከመቶ 80 በላይ ሆነ።

ሆኖም ሕዝብን መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም። በኢንዶኔዥያ ከ600 በላይ መንደሮች በዓለም ባንክ ድጋፍ መንገድ ሲሠሩ፣ መሐንዲሶች የተሠራውን መንገድ ቆፍረው የፈሰሰውን ድንጋይና አሸዋ ወጪ ሆነ ከተባለው ጋር አስተያዩ። ኦዲተር በርግጥ እንደሚመጣ አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች ከየመቶው ወጪ 8 ያህሉ ከመጥፋት ዳነ። ነዋሪውን ለስብሰባ መጥራት ብቻ ግን በአማካይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። የዕጣ ገንዘባችን ሲሆን ሳንቲሟን እንቆጥራለን። ለጋሽ መጋዘን ሲሠራልን ግን «በነፃ የመጣ ነው» ብለን ዋጋውን እንኳ አንጠይቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የሚያድገው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለማኅበር የመጣ ማንኛውም እርዳታ መጠኑና የመጣበት ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰነዱን ከማየት አልፎ መጋዘን ገብቶ ኩንታሉን ይቁጠር። ሦስተኛ፣ የኦዲት ውጤቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ይነበብ።

የመንግሥት ኃላፊዎችንም አደራ የምለው አለ፤ «ስንት መጣ? ስንት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅን አባል እንደ ረባሽ አትዩብን። የእናንተንም ስም ከሐሜት የሚጠብቀው እሱ ነው።