ጠገራ ብርና ሁለቱ አንበሶች
(በኮሙኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ብር ሳንቲሞች ተናገሩ ብሎን ነው የቆምነው። እኛ ባልና ሚስት እዚህ ናይሮቢ ሱቅ ጠባቂዎች ነን፤ ትምህርታችን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። የምናውቀውን ያገኘነው ከመሳቢያችንና ከሽማግሌዎች ነው።

ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ልጆች፣ ዓመቱን አይታችሁ አትወራረዱ፤ በሙሶሊኒ ጊዜ ሮም የተመታ አለ፣ ለንደንና ቦምቤይ የተመታም አለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። አያቶቻችን ግን ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በጣታቸው እየዳሰሱ ዕንቁዎቹን ይቆጥሩ ነበር፤ ካልታየ አይቀበሉም። የተከናነበችው የመበለት ሻሽ ነው፤ ባሏ በ1765 ሞቶባታል። ይህን ካወቅን በኋላ ፊቷ አሳዘነን።

የምኒልክ ብር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ተመታ። ክብደቱ ከጠገራው እንዲስተካከል ቢደረግም ገበያው ጠገራውን ቶሎ አልለቀቀም። በአንድ ወገን ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘው አንበሳ አሉ። አንበሳው በአንዳንዱ ግራ፣ በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን አንስቷል። ጽሑፉ በፊደላችን ነው፤ ልጆቻችሁን አስነብቡበት።

የዚህ አገር አንበሳም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ላይ ከተራሮች ፊት ቆሟል፤ ብሩ ግን ከሺህ 250 እጅ ብቻ ነው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች ይህንኑ ሽልንግ አገራችን አስገብተውት ነበር፤ አዲሱ ብር በ1937 ዓ.ም. እስኪወጣ ተገበያይተንበታል።

አሁን የሚከብደንን እንናገር። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሎባት፣ አምስት ጠገራና አንድ የምኒልክ ብር የተንጠለጠሉበት የአንገት ጌጥ ይዛ መጣች። በሚዛን መዝነን፣ የብሩን ዋጋ ከፍለን፣ ለአንጥረኛ ሸጥነው። እሱም አቅልጦ መስቀል ሠራበት። ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ የምኒልክን ብር እንኳ ከጠገራው አልለየንም። በሁለተኛው ዓመት ያቺው እናት ገንዘቡን በመሀረብ ቋጥራ ተመለሰች።

«የእናቴን መልሱልኝ» አለች።

የምንመልሰው አልነበረንም። ገንዘቧን እንደቋጠረች ይዛ ወጣች፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእናት አባት ብር የሚያመጣ ሰው ሲመጣ የሚፈልገውን ገንዘብ እንሰጠዋለን፣ ሳንቲሙን ግን ስሙን በወረቀት ጽፈን አንድ ዓመት እናስቀምጥለታለን። በዚህ መንገድ ስምንት ሰዎች መልሰው ወስደዋል። ያልተወሰዱት ዛሬ ከቡናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል።

ቤታችሁ ያለውን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ጥቁረቱ አይጎዳውም፣ ፍተጋው ግን ፊቱን ይበላዋል። ስታነሱት ጠርዙን ያዙ። ጠረጴዛው ላይ የራሱን የሚያውቅ ካለ ስሙን ይንገረን፤ ወረቀቶቹ በኪሳችን አሉ።