ለልጆቻችን ስም ስናወጣ
(ናይሮቢ፣ በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ እንደምታውቁኝ ባለሱቅ ነኝ፤ ከጤፍና ከበርበሬ ዋጋ በቀር በሰው ፊት ስለ ሌላ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ኮሚቴው ተናገር ሲለኝ ግን ስለ ስም ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ሱቄ በገቡ ቁጥር «ምን ብለን እንጥራው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይገባልና።

ናይሮቢ የገባሁት በ1983 ዓ.ም. ነው። ታላቋ ልጄ በ1986 ዓ.ም. ስትወለድ የፈረንጅ ስም አወጣሁላት። ትምህርት ቤት እንዳይስቁባት፣ ለመጥራትም እንዳይከብዳቸው ብዬ ነው። ስሙን ያገኘሁት ከአንድ የፊልም ካሴት ላይ ነበር። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታት። «በል ልጄ፣ እኔስ ማስረሻ እላታለሁ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ያለቀስኩትን ታስረሳኝ» አለችኝ። እስክትሞት ድረስም በዚያው ስም ጠራቻት።

ባለፈው ዓመት ልጄ ለመውለድ ስትቃረብ «አባባ፣ ስሜ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። «የማስረሻን ትርጉም ግን አውቃለሁ፤ አያቴ ነግራኛለች» አለችኝ። የዚያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ።

በአገራችን ስም እንዲያው አይወጣም። ካሣ ከተባለ ከእሱ በፊት የሄደ አለ። ምትኩ ከተባለ የተተካ አለ። ልጇን ስንታየሁ ያለች እናት ብዙ አይታለች። ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ሲያስጠምቅ የክርስትና ስም ይጨምራል። እዚሁ ከተማ በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ስታልፉ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ንጉሡ ተፈሪ መኰንን ነበሩ፤ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ሲሆን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡበት ስም ሆነ።

ጎረቤቶቻችንም ያውቁበታል። ኪኩዩው የመጀመሪያ ወንድ ልጁን በአባቱ ስም ይጠራል። ሉዎው ሌሊት የተወለደውን ኦቲየኖ ይለዋል፤ ልጁ ጆን ቢባልም ኦቲየኖ አይቀርም። እኛን ታዲያ ምን አሳፈረን? አፍ ላይ እንዲቀልላችሁ ከፈለጋችሁም ሐና፣ ዳዊት፣ ሰላም አሉላችሁ፤ ሰላምን ስዋሂሊ ተናጋሪውም ይረዳዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፤ ይህም ስለ ወረቀት ነው። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲለኝ፣ በአንዱ ወረቀት የራሴን፣ በሌላው የአባቴን ስም ሞላሁ። በኋላ ልጄ ፓስፖርት ስታወጣ አንድ መሥሪያ ቤት «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» ብሎ ለወራት አመላለሰን። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ወረቀት ጀምራችሁ አንድ ዓይነት ሙሉ። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ እንኳ በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት ይጻፋል! አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

ልጄ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት። ባሏ ኬንያዊ ነው። ሁለቱም «አባባ፣ ስም አውጣላት» አሉኝ። እኔ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁና «አንቺው አውጪ» አልኳት። ማስረሻ አለቻት። ባሏ ትርጉሙን ጠየቃት፤ ነገረችው። ወዲያው እናቱ ዘንድ ደውሎ ስሙን ሲነግራቸው፣ ሴትዮዋ በመጀመሪያው ሙከራ ጥርት አድርገው ጠሩት። እኔ በ1986 ዓ.ም. የፈራሁት ይህንን ነበር።

ለሚወለዱት ሁሉ እድሜና ጤና ይስጥልን።