የመስቀሉ በሬና ዲተርሚነር

ዛሬ ስለ እንግሊዝኛው ዲተርሚነር ነው የምናወራው። ዲተርሚነር ከስም ቀድሞ እየገባ «የቱ? የማን?» ለሚለው ፍንጭ ይሰጣል።

እስቲ መስቀል ደረሰ እንበል። አባት ልጃቸውን «ገበያ ውጣና አንድ በሬ ግዛ» ይሉታል። የትኛውም በሬ ይሆናል፤ ስለዚህ «አን ኦክስ»። «ኤ» ያልሆነው «ኦ» አናባቢ ስለሆነ ነው። በሬው ተገዝቶ ግቢ ከታሰረ በኋላስ? «በሬውን ውሃ አጠጣው» ይላሉ። አሁን ሁለቱም ያውቁታላ! ስለዚህ «ዘ» ይገባል፤ «ኦ» አናባቢ ስለሆነ ደግሞ «ዚ ኦክስ» ይባላል።

ታዲያ ለምን እንሳሳታለን? አማርኛችን «ው»ን ከኋላ ይለጥፋል፤ የእንግሊዝኛው ዲተርሚነር ግን ከፊት ነው። ስንቸኩል እንዘለዋለን። አንዳንዴ ደግሞ እንደራርበዋለን፦ «ዘ ማይ ኦክስ»! «ማይ» ራሱ ዲተርሚነር ነው፤ «ማይ ኦክስ» በቂ ነው።