ከሃምሳ ዓመት በኋላ
ዘኍልቁ 8፥23–26



ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ስትወጡ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ አጥርና ጥበቃ ያለው አዲስ ቤት ታያላችሁ። ከሚሠሩት መካከል ጡረታ የደረሰባቸው፣ ከውጭ አገር ለመመለስ የሚያስቡ ወገኖቻችንም አሉ። «ፓስተር፣ ልጆቼን አድርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ጫጫታ የሌለበት ቦታ ልረፍ» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት የታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው ንጹህ አየር ቢመኝ ኃጢአት አይደለም።

አሜሪካኖች ደግሞ ነገሩን ጨርሰውታል። በአሪዞና በረሃ፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1960 የተከፈተችው ሰን ሲቲ ለጡረተኞች የተሠራች ከተማ ናት። ጎልፍ አለ፣ መዋኛ አለ፤ ልጅ ግን ነዋሪ አይሆንባትም። እስቲ አስቡት፣ የሕፃን ድምፅ የሌለበት ሰፈር!

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጡረታ ይናገራል ብል የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። ሌዋዊ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ ያገለግላል፤ 50 ሲሞላው ከሥራው ይወጣል። ሥራው ምን ነበር? የቀዓት ልጆች የመቅደሱን ዕቃ በሠረገላ ሳይሆን በትከሻቸው ነበር የሚሸከሙት። ሌሎቹ ሳንቃውንና መጋረጃውን ይነቅላሉ፣ ይጭናሉ፣ እንደገና ይተክላሉ። ያውም በምድረ በዳ! እግዚአብሔር የሰው ወገብ እንደሚደክም ያውቃል፤ ሸክሙን አወረደለት።

ቁጥር 26ን ግን አትዝለሉት። ያ ሌዋዊ በመገናኛው ድንኳን ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ያግዛቸዋል። ከሸክሙ ወጣ እንጂ ከወንድሞቹ አልተለየም። አለዚያ የ25 ዓመቱ ጎረምሳ መሎጊያውን እንዴት እንደሚይዝ ማንን ይጠይቃል?

ግን እውነቱን እንነጋገር። አንዳንዱን ሽማግሌ ሰንዳፋ ሳይገባ በፊት እኛው ነን ያስወጣነው። በደርግ ዘመን ሙሉ ወንጌል ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቆ የጸለየ፣ የታሰረ ሰው፣ ዛሬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ድምፅ ማጉያው ጆሮውን ይደበድበዋል። (ስለ ድምፅ ማጉያው ሌላ ቀን እንነጋገራለን።) ያን ዘመን እንዴት እንዳለፈው የሚጠይቀው ወጣት የለም። ታዲያ ቢሄድ ይፈረድበታል?

ሰንዳፋ ቤት የሠራችሁ ወገኖቼ፣ ግቡበት፤ ጌታ ይባርከው። ስትገቡ ግን ስለ ውሃና መብራት ብቻ አትጠይቁ፤ በአቅራቢያችሁ ያለችውን አጥቢያም ጠይቁ። በወጣት የተሞላች፣ አዲስ ተጋቢዎችን የሚመክር አባትና እናት ያጣች ልትሆን ትችላለች። ኦሮምኛ አንችልም የምትሉም ተማሩ፤ ትምህርት እስከ ሃምሳ ዓመት ነው ያለው ማን ነው?

የአጥቢያ መሪዎች ደግሞ በዚህ ሳምንት የምእመናንን መዝገብ ክፈቱ። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ ከጉባኤም የራቁትን ለዩና ቤታቸው ሂዱ። ብርቱካን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አንድ ወጣት ይዛችሁ ሂዱ። በየሳምንቱ አብሯቸው የሚጸልይበትን ቀንና ሰዓት እዚያው ተነጋገሩ፤ ቀኑን እሳቸው ይምረጡ።