እምቢ ላለው ሕመምተኛ ቤተሰቡ ይሂድለት
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጡረተኛ ጤና ረዳት ያደረጉት ንግግር)



 የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው፤ ይኸውም «ከቤተሰባችን አንዱ አእምሮው ታውኮ ‹እኔ ደኅና ነኝ፣ ሐኪም ቤት አልሄድም› ቢለን ምን እናድርግ?» የሚል ነው። መልሱም አጭር ነው። እሱ እምቢ ካለ እናንተ ሂዱለት። ምክር ለመጠየቅ ሕመምተኛውን ይዞ መሄድ ግዴታ አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምተን አድገናል። እውነት ነው። ነገር ግን እግሩ የተሰበረ ሰው መሰበሩን ያውቃል፤ አእምሮው የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መታመሙን አያውቅም። በጆሮው የሚሰማው ድምፅ ለሱ እውነተኛ ድምፅ ነው። ጎረቤት እንደሚዶልትበት ከልቡ ያምናል። እንግዲህ እምቢታው ከራሱ ከሕመሙ የመጣ ነው እንጂ ጥጋብ ወይም ንቀት አይደለም። በሽታውን የምንደብቀው እኛ ነን። «ሰው ምን ይለናል? እኅቱንስ ማን ያገባታል?» እያልን ጓዳ እናስቀምጠዋለን። ጉልበት ያጣ ቤተሰብም በሰንሰለት እስከ ማሰር ይደርሳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺሕ በላይ ሰዎች ተጠይቀው በተደረገው ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ የሕክምና ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር።

ድሮ ምክንያት ነበረን። የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከመቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ግን በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየሠለጠኑ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተልከዋል። ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ቅርባችንም መቱ ካርል ሆስፒታል ሕክምናው አለ። መነሻው ግን እዚሁ ጤና ጣቢያችን ነው። ቤታችሁ ድረስ የምትመጣዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አማክሯት።

አሁን ወደ አደራረጉ ልግባ።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ መጻፍ የማይችል ልጁን ያጽፍ። መቼ ጀመረው? ይተኛል? ይበላል? ብቻውን ያወራል? ጫት ወይም አረቄ ያበዛል? ራሱን ተመትቶ ያውቃል? ከዘመድ እንዲህ የሆነ አለ? ሐኪሙ ሰውየውን ሳያይ መድኃኒት ላይሰጣችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው የማይነግረውን ከናንተ ይሰማል፤ እናንተም ቤት ስትመለሱ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አውቃችሁ ትመለሳላችሁ።

ሁለተኛ፣ ክርክር ተዉ። «ውሸትህን ነው፣ ማንም አይጠራህም» ብትሉት ጠላት ትሆናላችሁ። «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» ማለትም ሌላ ጥፋት ነው። «አንተን እንዳስጨነቀህ ይገባኛል» ማለት ይበቃል። ከዚያ እሱ ራሱ በሚያማርርበት ነገር ግቡ። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ይፈልጠኛል» ይል እንደሆነ «በል ስለ እንቅልፉ እናሳይ» በሉት። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቱም የሕመሙ ክፍል ነውና።

ሦስተኛ፣ የሚናገረው ሰው ይመረጥ። ዐሥር ሽማግሌ ተሰብስቦ ቢከበው ሊከሱት የመጡ ይመስለዋል። አጎቱ ይሁን፣ አብሮ አደጉ ይሁን፣ የሚያከብረው አንድ ሰው ይበቃል። ዛሬ እምቢ ካለ ነገ ደግሞ ይሞከር።

አራተኛ፣ «ገበያ እንሂድ» ብሎ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ክኒን በቡና ደብቆ ማጠጣት ይቅር። የነቃ ዕለት ከእጃችሁ ውኃ እንኳ አይቀበልም። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚሰለቸው፣ እሱ ከተስማማ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌም ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እጁ ቢንቀጠቀጥ ወይም ሰውነቱ ቢገትር ሳትዘገዩ ለሐኪሙ ንገሩ፤ በራሳችሁ አታቋርጡት።

ጠበሉም፣ ዱዓውም፣ ጸሎቱም በየእምነታችን ይቀጥል፤ ማንም አይከለክላችሁም። ለጠበል ወይም ለጾም ብላችሁ ግን መድኃኒቱን አታስቁሙ።

ሁለት ነገር ቀጠሮ አይሰጥም። አንዱ፣ ደኅና የነበረ ሰው በድንገት ትኩሳት ይዞት ቢቀባጥር ነው። በተለይ ከቆላ የመጣ ከሆነ ወባ ወደ አንጎሉ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ሰዓት አንሥታችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ሁለተኛው፣ «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ነው። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ እንዲያውም ያቀልለታል። ማላታይኑንና ሌላውን የተባይ መድኃኒት፣ ገመዱንና ስለቱን ከቤት አውጡ። ብቻውን አታሳድሩት፤ ሲነጋም ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ሰው ለመጉዳት የተነሣ እንደሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያውንና ፖሊስን አብራችሁ ጥሩ፤ ዱላ አይነሣ።

የሚያስታምመውንም ሰው አንርሳ። ሌሊት የማትተኛ እናት፣ የምትሰደብ ሚስት በዚያው ልትታመም ትችላለች። ጎረቤት አንድ ሌሊት ቢያድርላት፣ ልጆቿን አንድ ቀን ቢይዝላት ትልቅ ሕክምና ነው።

በመጨረሻ ማኅበሩን የምጠይቀው አለኝ። ሰው ሲሞት እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ገንዘብ ያወጣል። ሰውየው በሕይወት እያለ መቱ ድረስ የሚያደርሰው የመኪና ገንዘብና አንድ አጃቢ ቢሰጠው ምናለበት? ይህ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋግረንበት እንዲወሰን አሳስባለሁ። እስከዚያው ገንዘብ የማይጠይቀውን ዛሬውኑ እንጀምር። በሰፈራችን ማንም ሰው «እብዱ» ተብሎ አይጠራ፤ ስሙ ይጠራ። ልጆቻችንም ድንጋይ እንዳይወረውሩበት እንምከራቸው።